ዘነቡና አንባቢዋ ድምፅ

ዘነቡ ፈረንሳይኛ ማንበብ የተማረችው የምታነበው ሳይገባት ነው።

ጅቡቲ ስትገባ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፤ በፈረንጆቹ 1999። ከአሰበ ተፈሪ እስከ ድሬዳዋ በአውቶቡስ፣ ከድሬዳዋ ወዲህ በባቡር መጣችና በሦስተኛው ቀን ካርቲየ 5 በሚባለው ሰፈር እትዬ ማይሙና ቤት ተቀጠረች። እትዬ ማይሙና የድሬዳዋ ሰው ናቸው። ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ጅቡቲ ተዛውረው፣ ጡረታ ወጥተው እዚሁ አረፉ። እሳቸው ቤቱን ይዘው ቀሩ። በልጅነታቸው የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ስለተማሩ ጋዜጣ ሳያነቡ ቁርስ አፋቸው ውስጥ አይገባም ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ዓይናቸው መድከም ጀመረ። የዓይን ግፊት ነው ተባለ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ጠብታ ታዘዘላቸው። ጠብታው ነገሩን አዘገየው እንጂ አላቆመውም። መጀመሪያ ትንንሾቹ ፊደላት ጠፉባቸው፤ ቀጥሎ ርዕሶቹ። አንድ ቀን ጠዋት ጋዜጣውን ለዘነቡ አቀበሏትና፣

«እስኪ ይህን በይልኝ» አሏት።

ዘነቡ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ስለሆነች የፈረንጁን ፊደል ታውቀዋለች። በእንግሊዝኛ አፍ አነበበችላቸው። እትዬ ማይሙና እስኪያስላቸው ሳቁ።

«መጨረሻ ላይ ያለውን ዋጪው፤ ፈረንሳይ የጻፈውን ሁሉ አይናገርም» አሏት።

በዚህ ተጀመረ። በስድስት ወሯ ሳትደናቀፍ ታነብ ነበር፤ ግን አንዱም አይገባትም። በሁለተኛው ዓመት ማን እንደሞተና ማን እንደተሾመ መለየት ቻለች። በአሥረኛው ዓመት ጋዜጠኛው የጻፈው ሲያናድዳት መሀል ላይ ቆማ ትከራከረው ነበር። የመድኃኒት ወረቀት፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመብራት ሂሳብ፣ ከውጭ የሚመጣ ደብዳቤ፣ ሁሉ በእሷ አፍ አለፈ። የጎረቤት ሴቶችም ወረቀት ሲመጣባቸው «ዘነቡ ትየው» ይሉ ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን የሥራ ውላቸውን ይዘው ይከቧታል። እኔም ዘነቡን ያወቅኋት እዚያ ነው፤ በአንድ ሚኒባስ ስለምንመለስ ቀስ በቀስ ተግባባን። ይህን ታሪክ የነገረችኝም ራሷ ናት።

«ከሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ተኩል» አለችኝ፣ «በርጩማዬን ከአልጋቸው አጠገብ አስጠግቼ እቀመጥ ነበር። በዚያ ሰዓት እቃ እጠቢ የሚለኝ የለም። ጎረቤት እንኳ በር ሲያንኳኳ እትዬ ‹እያነበብን ነው› ይሉ ነበር። እያነበብን! ሁለታችንም ማለት ነው።»

በ2017 ጥር ላይ የልጅ ልጃቸው ሙጠሊብ ከሊዮን ለእረፍት መጣ። ዘነቡ ሥራ ስትገባ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ አሁን ሃያ አምስት ሞልቶት ኮምፒውተር የሚሠራ ሰው ሆኗል። ያረጀ ላፕቶፑን ለአያቱ ይዞላቸው መጣ። ቫይረስ እንዳያስቸግራቸው ብሎ በውስጡ የነበረውን ሁሉ ደመሰሰና ሊነክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነበት። ከዚያ ኢንተርኔት በሚከፈትበት ብሮውዘር ላይ ጆሮ የምትመስል ትንሽ ምልክት ጨመረ።

«ይቺ ኤክስቴንሽን ትባላለች» ብሎ ለዘነቡ አሳያት። «እሷ ራሷ መናገር አትችልም። ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሰብስባ ለረዳቷ ታቀብላለች። የሚናገረው ረዳት ፕሮግራሙ ነው። እሱ ደግሞ እዚህ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። ብሮውዘሩ ረዳቱን የሚያገኘው አድራሻው በተጻፈበት በአንድ ትንሽ ፋይል ነው። ስለዚህ ዘኑ፣ ሌላውን እንደፈለግሽ፤ ይህን ፎልደር ግን ከቦታው እንዳትነኪው።»

ለእሷ የነገራት አቧራውን የምትጠርገው፣ ባትሪውን የምትሞላው እሷ ስለሆነች ነው። የአያቱን ፎቶዎች ወደ ፍላሽ እንዴት እንደምትወስድም አስተማራት። ለእትዬ ማይሙና በሦስት ቁልፎች ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ሙጫ ጠብ አደረገላቸው፤ አንዷ ለማንበብ፣ አንዷ ለማቆም፣ አንዷ ወደሚቀጥለው ለመሄድ። በሁለት ቀን ለመዱት።

ድምፁ የሴት ነው። አይስልም፣ አይደክምም፣ ውኃ ልጠጣ አይልም። እትዬ ማይሙና በፈረንሳይ አፍ ወይዘሪት፣ «ማድሞዋዜል» ብለው ስም አወጡላት።

ሙጠሊብ በተመለሰ ማግስት ዘነቡ እንደ ወትሮዋ ጋዜጣውንና በርጩማዋን ይዛ ገባች። እትዬ ማይሙና የጆሮ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሯቸው ነቀል አድርገው፣

«ዛሬስ ተይው፤ ማድሞዋዜል ነግራኛለች። ይልቅ ዓሣው ሳይሞቅ እጠቢው» አሏት።

ዘነቡ ወጣች። ዓሣውን አጠበች። በርጩማውን ማድቤት ውስጥ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም እዚያው ቀረ።

«ባሌ ሌላ ሴት ይዞብኝ ቢሆን ለሰው እነግር ነበር» አለችኝ። «ሰው ያዝንልኛል። በኮምፒውተር ቀናሁ ብዬ ለማን ልንገር?»

ቅናቱ ቀስ እያለ ነው የበላት። እትዬ ማይሙና አንዳንዴ ማዳመጫውን ትተው ድምፁን ይለቁት ነበር፤ ያኔ ዘነቡ ከማድቤት ሆና ስህተት ትለቅማለች። ማድሞዋዜል የአፋሩንም የሶማሌውንም ስም እንደ ፓሪስ ሰው ስትጠራው፣ ዘነቡ እጇ ሊጥ ውስጥ እንዳለ «እንደዚያ አይባልም!» ብላ ትጮሃለች። «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» ይሏታል እትዬ ማይሙና ሳይዞሩ። በምሳ ሰዓት ደግሞ «ማድሞዋዜል እንዲህ አለች» እያሉ ወሬ ያመጣሉ። ከዚህ በፊት ወሬውን ለእሳቸው የምታመጣው ዘነቡ ነበረች። አሁን ከእሳቸው ትሰማለች፤ ያውም ከሰዓት በኋላ።

ከሁሉ የባሰባት የካቲት ላይ ነው። ከሙጠሊብ ረጅም ደብዳቤ በኢሜይል መጣ። እትዬ ማይሙና ማዳመጫውን በሁለት ጆሯቸው ሰክተው አዳመጡ። መሀል ላይ ሳቁ። ቆይተው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ቁልፏን መልሰው ተጫኑና ከመጀመሪያው ሰሙት። ዘነቡ በሩ ላይ መጥረጊያ ይዛ ቆማ ታያለች።

«ምን ይላል እትዬ?»

«ሰላም ነው።»

በቃ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የዚያን ልጅ ደብዳቤ ኮማውን ሳይቀር ያነበበች ሰው ዛሬ «ሰላም ነው» ተባለች።

ያን ዕለት ቀትር ላይ የቀኑ ጫት ከተማ ከገባ በኋላ፣ ሰፈሩ ሁሉ በየቤቱ ተከትቶ ጸጥ ሲል፣ እትዬ ማይሙና ቬንቲላተሩ ሥር ተኙ። ዘነቡ ላፕቶፑን ማድቤት ወሰደችው። ፍላሿን ሰካች፤ መዝሙር ያለባት ፍላሽ ናት። ሙጠሊብ አትንኪ ያላትን ፎልደር ቆርጣ ወደ ፍላሹ አሻገረችው። አላጠፋችውም፤ ማጥፋቱን ፈርታለች። ፍላሿን በሻሽ ጠቅልላ ከሣጥኗ ሥር ከተተችና ላፕቶፑን ቦታው መለሰች።

እትዬ ማይሙና ነቅተው ቁልፏን ተጫኑ። ዝም። ደግመው ተጫኑ።

«ዘነቡ! ማድሞዋዜል ምን ሆነች?»

ዘነቡ መጥታ ስክሪኑን አየች። «ረዳት ፕሮግራሙ አልተገኘም ይላል።»

«እንዴት አይገኝም? የት ሄዶ?»

«እንጃ እትዬ። ጋዜጣውን ላምጣው?»

ማታውኑ ሙጠሊብ በዋትሳፕ ተደወለለት። ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አብሪው አላት፤ አጠፋች፣ አበራች። ብሮውዘሩን ዝጊና ክፈቺው አለ። ኤክስቴንሽኑን አውጥተሽ መልሰሽ ጨምሪው አለ። የተባለችውን ሁሉ እውነት ሊሠራላት እንደምትፈልግ ሰው ተጠንቅቃ አደረገች።

«ፎልደሩስ ቦታው ላይ አለ?»

«አለ» አለች ዘነቡ።

«እርግጠኛ ነሽ ዘኑ?»

«እያየሁት ነው።»

«እንግዲያው ብሮውዘሩ ራሱን አድሶ አንድ ነገር ቀይሮ ይሆናል። ከዚህ ሆኜ አልችልም። በክረምት ስመጣ አየዋለሁ።»

በርጩማው ከማድቤት ወጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘነቡ በጠዋት አነበበች። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ድምፅዋን ሳይቀር አሳመረች፤ እንደ ማድሞዋዜል ከቃል ቃል ሳታቋርጥ ለማንበብ ሞከረች። እትዬ ማይሙና ግን እንደ ድሮው አልሳቁም፣ አልጠየቁም። ጋዜጣው ሲያልቅ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ይመልሳሉ።

«የሙጠሊብ ደብዳቤ መጥቷል እትዬ። ላንብብልዎ?»

«ይቆይ።»

ሌላም መጣ። «ይቆይ» አሉ። አራት ደብዳቤ ሳይነበብ ተከማቸ። ዘነቡ በየጠዋቱ ቁጥሩን ስታየው፣ ድምፅዋ የጠፋው ማድሞዋዜል ዛሬም ከእሷ በላይ እንደምትጠበቅ ገባት። ቅናቱ አልበረደም። ባሰበት።

በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ማይሙና፣ «ዛሬ ከሰዓት የኮምፒውተር ሠራተኛ ትመጣለች፤ በጎረቤት አስጠርቼያታለሁ» አሉ። ዘነቡን ሳያማክሩ ሰው ሲያስጠሩ የመጀመሪያቸው ነው።

ዘነቡ ደነገጠች። የሻሹን ጥቅል ፈትታ ፍላሿን አወጣች፤ እትዬ ማይሙና ሻወር ሲገቡ ፎልደሩን ቀድሞ የነበረበት ቦታ መልሳ አስቀመጠችው። ስሙ ያው፣ ቦታው ያው። ከዚያ ቁልፏን ተጫነች።

ረዳት ፕሮግራሙ አልተገኘም።

ደግማ ተጫነች፤ ያው ነው። የሰረቀችውን መልሳለች፤ ድምፁ ግን አልተመለሰም። ገደልኳት መሰላት።

የመጣችው ልጅ ኑሪያ ትባላለች። አባቷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ የሐረር ሰው ናቸው፤ እሷ ቡላኦስ ሰፈር በአንዲት ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ከሚኒባስ ወርዳ ላቧን እየጠረገች ገባች፤ በሐረር ወግ «አዴ ማይሙና፣ አያቴን ያውቋቸዋል አሉኝ» ስትል አሮጊቷ ተነስተው አቀፏት። የአያቷን ስም ሲሰሙ በሐረር የነበረን ሠርግ አነሱ፤ ከሠርጉ ወደ ባቡሩ ሄዱ፣ ከባቡሩ ወደ ፈረንሳይኛ ገቡ። ኑሪያ ፈረንሳይኛዋ ይፈሳል። እትዬ ማይሙና ከዘነቡ ጋር ብቻ ይስቁት የነበረውን ሳቅ፣ ያንን የሚያስላቸውን፣ ከዚህች ልጅ ጋር ሳቁት።

ዘነቡ ሻይ አፈላች። ለኑሪያ የሰጠቻት አፉ የተሸረፈውን ብርጭቆ ነው።

ኑሪያ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሁለት ሰዓት ታገለች። ኤክስቴንሽኑን ነቅላ ተከለች። የተደበቁ ፎልደሮችን ከፍታ የአድራሻዋን ፋይል አገኘች፤ በውስጡ የተጻፈውን መንገድ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«የሚገርም ነው» አለች። «የአድራሻው ፋይል አለ። የተጻፈው መንገድ ልክ ነው። ፎልደሩ እዚያው አለ፣ ፕሮግራሙም ውስጡ አለ። ብሮውዘሩ ግን የለም ይለኛል።»

ምናልባት ጥፋቱ የብሮውዘሩ ይሆናል ብላ ሌላ ብሮውዘር ጫነች። እዚያም አልተገኘም አለ። «ይሄኛው አድራሻ የሚፈልገው ሌላ ቦታ ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ኪስ አለው» ብላ የአድራሻዋን ፋይል ለእሱም በሚስማማው መንገድ አስተካክላ ገለበጠችለት። ያው ነው። ሁለቱም አንድ ቃል ተናገሩ። ኑሪያ ሐሙስ ልመለስ ብላ፣ መልእክቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ ሄደች።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ እትዬ ማይሙና ከሄደች በኋላ።

«አልሠራችውም እኮ» አለች ዘነቡ።

«ጎበዝ ናት አልኩ እንጂ ሠራችው መች አልኩ።»

ሐሙስ ኑሪያ ስትመጣ ብሮውዘሩን ጭራሽ አልከፈተችም። ጥቁሩን መስኮት፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል፣ ከፈተችና ረዳት ፕሮግራሙን በቀጥታ በስሙ ጠራችው። አንድ መስመር መልስ መጣ። ከኋላዋ የቆመችው ዘነቡ ቀድማ አነበበችው።

«ፈቃድ ተከልክሏል።»

ኑሪያ ዞር አለች። «ፈረንሳይኛ ታነቢያለሽ?»

«አነባለሁ» አለች ዘነቡ። አፏ ላይ «ካንቺ በፊት» የሚል ነበር፤ ዋጠችው።

ኑሪያ ለእትዬ ማይሙና ጮክ ብላ አስረዳች። «አዴ፣ ተገኘ። ፕሮግራሙ አለ፤ ግን የመሥራት ፈቃድ የለውም። በሊነክስ ‹ይህ የሚሠራ ነው› ተብሎ ያልተፈቀደለት ፋይል ቢጠሩት አይነሳም። ብሮውዘሩ ደግሞ ማስነሳት ሲያቅተው አላገኘሁትም ብሎ ዝም ይላል። እኔም ያለ የለም እያልኩ ቦታውን ስፈልግ ከረምኩ።»

«ታዲያ አሁን ይስተካከላል?»

«በአንድ መስመር። ውኃ ልጠጣና።»

ውኃውን ዘነቡ ታመጣላት ነበር፤ ኑሪያ ግን ራሷ ተከትላት ማድቤት ገባች። ብርጭቆውን እንደያዘች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እታለሜ፣ ፈቃድ በራሱ አይጠፋም። ሙጠሊብ ሲጭነው ፈቃድ ሰጥቶት ነበር፤ ጥር ላይ ሲናገር ሰምታችኋል። እንዲህ የሚሆነው ፋይል ወደ ፍላሽ ወጥቶ ሲመለስ ነው። ፍላሽ ፋይሉን ይይዛል እንጂ ፈቃዱን አይይዝም።»

ዘነቡ ማጠቢያው ላይ ተደገፈች። እትዬ ማይሙና አያዩም፤ በዚያ ቤት ፍላሽ የሚሰካ ሌላ ሰው የለም። መካድ ቢያምራትም የሚካድ ነገር አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ቀናሁባት።»

«በማን?»

«በማድሞዋዜል።»

ኑሪያ አልሳቀችም። ውኃውን ጠጣች። «በኔስ?»

«ሻይ የሰጠሁሽን ብርጭቆ አላየሽውም?»

ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ፤ ዘነቡ ግን ወዲያው ዕንባዋ መጣ። ኑሪያ ትከሻዋን ያዘቻት። «ስሚኝ። እኔ ለአዴ አልነግርም። ግን ሙጠሊብ ምን ነበር ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ለሱ አልዋሽም። ቀድመሽ ብትነግሪያቸው ላንቺ ይሻልሻል።»

ተመልሳ አንዲት መስመር ጻፈችና ብሮውዘሩን ከፈተች። ማድሞዋዜል በጥር ወር ድምፅዋ ተናገረች። እትዬ ማይሙና ማዳመጫውን በችኮላ ፈልገው፣ ከአራቱ ደብዳቤዎች የመጀመሪያውን ከፈቱ።

ዘነቡ በማግስቱ ጠዋት ገባች። በርጩማውን አላመጣችም፤ ቆመች።

«እትዬ፣ ማድሞዋዜልን ያጠፋኋት እኔ ነኝ።»

እትዬ ማይሙና ማዳመጫውን አወለቁ። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፍላሹን፣ ሻሹን፣ ለሙጠሊብ የዋሸችውን። አሮጊቷ ሲሰሙ ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ።

«ሦስት ሳምንት» አሉ። «ሦስት ሳምንት አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ ‹እንጃ እትዬ› እያልሽ!»

«ቦታዬን ወሰደችብኝ። አሥራ አራት ዓመት ያነበብኩልዎ እኔ ነኝ። ምን አጎደልኩ? ምኔን ጠሉት?»

«ምን አጎደልሽ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ወንድሜ ሙሚን የሞተ ጊዜ፣ ከመሞቱ ሦስት ቀን በፊት ደብዳቤ መጥቶ ነበር። አነበብሽልኝ። ‹ሁሉም ደኅና ናቸው› ብለሽ አጠፍሽው።»

ነገሩ የሆነው በ2011 ነው። ዘነቡ ይህን በዓለም ላይ ከእሷ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስላትም ነበር።

«ለቀብሩ አልደረስኩም። በዓርባው ድሬዳዋ ስሄድ ልጁ ‹መታመሙን ጽፌልሽ አልነበር ወይ?› አለኝ። ጽፎ ኖሯል። መስመሩን ዘለልሽው።»

«የደም ግፊትዎ ወጥቶ ነበር እትዬ። ሐኪሙ አይረበሹ ብሏል። በሦስተኛው ቀን ልነግርዎ ነበር።»

«እንደምትነግሪኝ አውቃለሁ። ለኔ ብለሽ ነው፤ ክፉ አይደለሽም። ለዚህ ነው ያልተናገርኩሽ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ባነበብሽልኝ ቁጥር ጆሮዬ ሌላ ነገር ይፈልጋል። እዚህ ጋ ለምን ተነፈሰች? ምን ዘለለች? ስድስት ዓመት፣ ዘነቡ! ማድሞዋዜል የሰው ስም ታበላሻለች፤ ግን አትዘልም። ያዘነችልኝ መስሏት የምትደብቀኝ ነገር የለም።»

ዘነቡ ዕቃዋን በፌስታል አድርጋ ወጣች። ውጪ ያላትም የለም፤ መቆም ስላቃታት ነው። ከከተማው ዳር፣ ሃያብለ በሚባለው ሰፈር ከምትኖረው ከጓደኛዋ ከሳፊያ ጋር ሁለት ቀን ተቀመጠች። ሳፊያ ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ፍራሽ አነጠፈችላትና ምንም አልጠየቀቻትም።

«እስከዚያ ቀን የቀናሁት ቦታዬን ስለወሰደች ነበር» አለችኝ ዘነቡ። «ሃያብለ ተኝቼ ሳስበው፣ ቦታዬን እሷ አልወሰደችብኝም። ከስድስት ዓመት በፊት እኔው ጥዬው ነበር። ያኔ ሌላ ቅናት መጣብኝ። ሰው እንዴት ነው እንደዚያ የሚታመነው? አንዲት ቃል ሳይጎድልባት ሁሉን የምትናገር፣ ሰዎች አምነዋት ዓይናቸውን የሚጨፍኑላት፤ በዚያ ቀናሁ። ይሄኛው ከመጀመሪያው የበለጠ ይመርራል።»

በሦስተኛው ቀን ስልኳ ጮኸ። እትዬ ማይሙና ናቸው።

«ጠብታዬን ማን ያድርግልኝ?» አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። «ጎረቤቴ ግማሹን ጉንጬ ላይ አፈሰሰችው።»

«መጣሁ እትዬ።»

«ሚኒባሱ እስኪሞላ አትጠብቂ፤ በታክሲ ነይ።»

ስለ ነገሩ ዳግመኛ አላነሱትም። ደብዳቤ የማድሞዋዜል ሆነ፤ ዘነቡም ምን ይላል ብላ መጠየቅ ተወች። የታተመው ጋዜጣ ሲመጣ ግን እትዬ ማይሙና አንዳንድ ጠዋት ራሳቸው ይጠሯታል፤ በተለይ የሀዘን ማስታወቂያ ያለ ቀን፣ ስም በስሙ እንዲጠራላቸው። ዘነቡ አንዲት ቃል አትዘልም። የማይነበብ ነገር ቢኖር «ይህ ተፍቋል እትዬ» ትላለች።

ግንቦት ላይ ዘነቡ ለታናሽ እህቷ ኢሜይል መጻፍ አማራትና ቡላኦስ ሄዳ ኑሪያን ጠየቀቻት። ኑሪያ መጥታ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ለዘነቡ የራሷን ስምና የይለፍ ቃል ከፈተችላት። ዘነቡ በራሷ ስም ገብታ ብሮውዘሩን ስትከፍት፣ ጆሮ የምትመስለውን ምልክት ስትጨምር፣ ያ የምታውቀው መልእክት ብቅ አለ። ረዳት ፕሮግራሙ አልተገኘም።

በስልክ ኑሪያ፣ «ለአዴ እንጂ ላንቺ አልተጫነም» አለቻት። «ልምጣ?»

«አትምጪ» አለች ዘነቡ።

ሦስት ከሰዓት ፈጀባት። ከእትዬ ማይሙና በኩል ፎልደሩንና የአድራሻዋን ፋይል በፍላሽ አወጣች፣ በራሷ በኩል አስገባች። የተደበቀውን ፎልደር ፈልጋ አድራሻዋን አኖረች። በውስጧ ያለው መንገድ የሚወስደው ወደ ማይሙና ነው፤ በሱ ምትክ የራሷን ስም ጻፈች። አልተገኘም አለ። ስሟን በትልቁ ፊደል ጀምራው ኖሯል፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቃት በትንሹ ነው። አረመችው። አሁንም አልተገኘም። ያኔ ሳቀች፤ ፍላሽ ፈቃድ አይይዝም። ጥቁሩን መስኮት ከፍታ ኑሪያ በወረቀት ጽፋ የተወችላትን ያቺን መስመር ፊደል በፊደል ገለበጠች።

ማድሞዋዜል ማድቤት ውስጥ፣ በሽንኩርቱና በዘይቱ መሀል፣ የዕለቱን ወሬ ማንበብ ጀመረች። ዘነቡ ማዳመጫ አልሰካችም። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ጥሩ ታነባለች» አለችኝ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ከኔ ትሻላለች። አሁንም አልወዳትም።»

ከመኝታ ቤት የእትዬ ማይሙና ድምፅ መጣ፤ ከእንቅልፍ እንደነቁ ነው።

«ዘነቡ! ማድሞዋዜል እዚያ ምን ታደርጋለች?»

«ለኔ እያነበበችልኝ ነው እትዬ።»

 አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ።

«ላንቺም ታነባለች እንዴ?» አሉ። ድምፃቸው ቅር ያለው ሰው ድምፅ ነው። «ለኔ የተሰጠች መስሎኝ።»

ዘነቡ ያን ዕለት ላፕቶፑን አልዘጋችም። አንድ ሌላ ገጽ ከፈተችና መኝታ ቤት ድረስ እንዲሰማ ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገችው።